ጋራዥም ካርድ ይኑረው

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው አስፋልት መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ጋይንትና ወልድያ የሚዘልቀውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ሩዝ የጫነ አይሱዙ፣ ከደረቅ ወደቡ የወጣ ተሳቢ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅና ጋሪ በአንድ መገንጠያ ይጋፋሉ። እዚህ መሀል አንድ የቆየ ኮሮላ ለመታጠፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ ነገሩ ከማፈር ያለፈ ነው። መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ ይደርቃል፤ ከኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና ደግሞ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቀጥሎ የሚሆነውን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ፍርድ ይወርዳል። "ፓምፑ ነው" ይላል አንዱ። "የለም፣ ካንዴላው ነው" ይላል ሌላው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ፈራጅ ተጨምሯል፤ "ኤርፍሎው ሄዷል፣ ቀይረው" የሚል። ሞተሩ ትንሽ አርፎ ይነሳል፤ ባለቤቱ እንደምንም ጋራዥ ይደርሳል፤ ጋራዡም ብዙ ጊዜ ከመንገድ ዳሩ ጉባኤ የተለየ ነገር አይነግረውም። ዕቃ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይጠፋል።

ጥፋቱን በመካኒኩ ላይ ጭኖ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የኢትዮጵያ መካኒክ ዕቃ በሌለበት ዕቃ ፈጥሮ፣ መጽሐፍ በሌለበት በጆሮው ሰምቶ መኪና ሲያስነሳ የኖረ ባለሙያ ነው። ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። በአገራችን ጋራዥ ለዕቃ ይከፈላል፣ ለእጅ ይከፈላል፤ ለምርመራ ግን አይከፈልም። አንድ ሰው ኮፈን ሥር ሁለት ሰዓት አጎንብሶ ሲለካና ሲፈትሽ ቆይቶ "የአምስት ሳንቲም የሚቀየር ዕቃ የለም፣ የተሰነጠቀች ጎማ ናት" ቢል፣ ባለመኪናው አመስግኖ ይሄዳል እንጂ ኪሱ አይገባም። ያው መካኒክ ሳይለካ "ሴንሰር ነው" ቢል ግን ዕቃውን ከማስመጣቱም ከመግጠሙም ያገኛል። ያልተከፈለበት ሥራ እንዴት ይሠራል? የኤርፍሎ ሴንሰር ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

መጀመሪያ ዕቃው ራሱ ምን እንደሚሠራ። ኤርፍሎ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ የሚገጠም፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ውስጡ ከፕላቲነም የተሠራ ቀጭን ሽቦ አለ። ሽቦው ከሚገባው አየር በተወሰነ ዲግሪ ልቆ እንዲሞቅ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። አየር ሲነፍስበት ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱን ለመመለስ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። የሞተሩ ኮምፒውተር ያንን ተጨማሪ ኤሌክትሪክ አይቶ በሰከንድ ስንት ግራም አየር እንደገባ ያውቃል፤ ባወቀው ልክም ቤንዚን ይረጫል። ልኩ የታወቀ ነው፤ 1 ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አየርን በሚገፋ ክዳን የሚለካ ዘዴ ካወጣ በኋላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሙቅ ሽቦ ተካው። እነዚያ ቀደምት የቦሽ ሴንሰሮች አንድ ደስ የሚል ጠባይ ነበራቸው፦ ሞተሩ ሲጠፋ ሽቦውን ለአንድ አፍታ እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አግለው የያዘውን ቆሻሻ ያቃጥሉት ነበር። በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ይህን አያደርጉም፤ ስለዚህ የቆሸሸው እንደቆሸሸ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ፤ ሁሉም መኪና ኤርፍሎ የለውም። ስንት ዘመን ያገለገለው ኮሮላ ዲኤክስ በካርቡሬተር የሚሠራ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩት ኮሮላዎች ብዙዎቹ የያዙት 4ኤ የተባለው ሞተር አየሩን በቀጥታ አይመዝንም፤ በመምጠጫው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ ያሰላል። የድሮው የናፍጣ ሚኒባስ በሜካኒካል ፓምፕ ስለሚሠራ ይህ ዓይነቱ ሴንሰር አያስፈልገውም። ቶዮታ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በትንንሽ መኪኖቹ ላይ የገጠመው 1ኤንዜድ የተባለው 1.5 ሊትር ሞተር ግን አለው። ስለዚህ የ1990ዎቹን ኮሮላ ባለቤት "ኤርፍሎህ ተበላሽቷል" የሚለው ሰው፣ ምናልባት መኪናው ላይ የሌለ ዕቃ እያስቀየረው ነው። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ጋራዥ አካባቢ የዋለ ሰው ግን አይስቅም።

ወረታ ባለችበት በፎገራ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ቅናሹ ከሩብ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። በአለምበር በኩል የሚወጣ መኪና ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የሚተነፍሰው አየርም በየኪሎ ሜትሩ ይሳሳል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ሜዳ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ዳገቱን ሲወጣ ለሳሳው አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያፈስሳል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኤርፍሎ ያለው መኪና ግን አየሩን በግራም ስለሚመዝን ሳይነካ ራሱን ያስተካክላል። እንግዲህ ይህን ዕቃ "ነገር ማብዣ" እያሉ የሚያማርሩ ሾፌሮች ደብረ ታቦር ድረስ ያለ ጭስ የሚያወጣቸው ማን እንደሆነ ቢያስቡት ጥሩ ነው።

ከፍታው ለመካኒኩም ወጥመድ አለው። 1.5 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ይሞላሉ ቢባል፣ በሰከንድ 37.5 ሊትር አየር ይስባል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢሆን ይህ አየር በባሕር ዳርቻ 44 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በወረታ 36 ግራም ያህል፤ በደብረ ታቦር 32። የጥገና መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የባሕር ዳርቻውን ነው። በመመርመሪያው ላይ የወጣውን ቁጥር ከመጽሐፍ ወይም ከዩቲዩብ ቪዲዮ ጋር አስተያይቶ "አነሰ፣ ሴንሰሩ ተበላሽቷል" የሚል መካኒክ፣ የፎገራን አየር ነው በሽተኛ ያደረገው። ሞተሩ ያለ ጭነት በሚኒሞ ሲሠራ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይታይም። ሞተሩ ራሱን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ያው ስለሆነ፣ የሞቀ 1.5 ሊትር ሞተር እዚህም እዚያም በሰከንድ ከ1 እስከ 3 ግራም ባለው ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ወረታ ላይ መጀመሪያ የሚታመነው ንባብ የሚኒሞው ነው።

ከፍታው አንድ ነገር ነው፤ አቧራው ሌላ። የፎገራ ሜዳ በክረምት ከርብና ከጉማራ በሚፈስ ውሃ ይጥለቀለቃል፤ በበጋ ያው ጥቁር አፈር ተሰነጣጥቆ ይደርቅና ከጥርጊያው መንገድ ላይ ይበናል። የሩዝ ውቂያና መፈልፈያ ባለበት አካባቢ የገለባ ብናኝ ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ከሞተሩ የሚከለክለው የወረቀት ፊልትሮ ነው። የወረቀት ፊልትሮ ግን በብዙ ቦታ በቤንዚን ይታጠባል፣ በኮምፕሬሰር ይነፋል፣ እንደገና ይገጠማል። በኃይለኛ ንፋስ የተነፋ ወረቀት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል፤ አቧራው ከዚያ በኋላ መንገድ አለው። ከፊልትሮው ቀጥሎ የሚያገኘው ደግሞ ያቺን ቀጭን ሽቦ ነው። ፊልትሮ ለመቆጠብ የተደረገው ነገር መጨረሻው ሴንሰር ላይ ያርፋል፤ የሁለቱን ዋጋ የጠየቀ ሰው ቁጠባው የት እንደገባ ይገባዋል።

የቆሸሸ ሽቦ የሚዋሸው በሁለት ወገን ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ አየሩን አብዝቶ፣ መኪናው ዳገት ሲወጣና ብዙ አየር ሲስብ ደግሞ አሳንሶ የመናገር ጠባይ አለው። ሾፌሩ ይህን በሌላ ስም ያውቀዋል፦ ቀይ መብራት ላይ ይንተፋተፋል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ነዳጅ ረግጦ ሲለቅ ይጠፋል።

ችግሩ፣ እነዚህ ምልክቶች የኤርፍሎ ብቻ አለመሆናቸው ነው። ሞተሩን መንገድ ላይ የሚያጠፋው ነገር ስንት ዓይነት እንደሆነ ለማየት ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የጠሯቸውን መኪኖች መመልከት ይበቃል። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ዙሪያ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ የሞተሩን አዟዟር የሚቆጥረው የክራንክ ሴንሰር ሲሆን ሞተሩን ድንገት ሊያጠፋ ይችል ነበር። ቶዮታ በነሐሴ ወር 2010 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካና በካናዳ 1.3 ሚሊዮን ያህል ኮሮላና ማትሪክስ ጠራ፤ ያኔ ደግሞ ጥፋቱ የሞተሩ ኮምፒውተር ነበር። በ2020 እንደገና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቶዮታዎች ተጠሩ፤ የነዳጅ ፓምፑ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ እየተበላሸ ነበር። ሦስት ዕቃ፣ ሦስት የተለያየ ቦታ፣ ሾፌሩ ዘንድ የደረሰው ምልክት ግን አንድ፦ እየሄደ ያለ መኪና ጠፋ። ከእነዚህ ሦስት መኪኖች በአንዱ ላይ ኤርፍሎ የቀየረ ሰው ገንዘቡን ጥሏል።

ታዲያ እንዴት ይመረመራል? ጥያቄ ከመፍቻ ይቀድማል። ሞተሩ የሚጠፋው ቀዝቅዞ ነው ወይስ ሞቆ? ሲቆም ነው ወይስ ዳገት ላይ? ወዲያው ይነሳል ወይስ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል? ሞቆ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ የሚነሳ መኪና ብዙ ጊዜ ወደ ክራንክ ሴንሰር፣ ወደ ቦቢና ወይም ወደ ነዳጅ ፓምፕ ይጠቁማል። እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ የቆሸሸ የአየር በር፣ አንድ ቦታ የሚያፈስ ቱቦ እና ኤርፍሎ። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚመጣ ጣጣ ከሆነ ሽቦና ሶኬት ይታያል። ይህን ለመጠየቅ አንድ ብር አይወጣም፤ የሚወጣው ጊዜ ነው፤ ጊዜው ደግሞ አይከፈልበትም።

ቀጥሎ የሚታየው ከኤርፍሎው እስከ ሞተሩ ያለው የተሸበሸበ የጎማ ቱቦ ነው። በቆየ መኪና ላይ ይህ ቱቦ በሽብሽቡ ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ቆሞ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ በእጅ ሲያጥፉት ይከፈታል። በስንጥቁ የሚገባው አየር በኤርፍሎው ሳያልፍ ስለሚገባ አልተቆጠረም። ኮምፒውተሩ ለተቆጠረው ብቻ ቤንዚን ይሰጣል፤ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰውና ይጠፋል። ነገሩ የሚያናድደው ኤርፍሎው ያኔ እውነቱን እየተናገረ መሆኑ ነው፤ ቢቀየርም አዲሱ ያንኑ ይላል። አንዳንዴም ሞተሩ ማርሽ ሲገባ በመቀመጫው ላይ ስለሚያዘነብል፣ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ስንጥቁ ተከፍቶ ይጠፋል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ተዘግቶ ደህና ይሠራል። ይህን ምልክት የሚናገር ሾፌር ካለ ከመመርመሪያ ማሽን በላይ ያገለግላል። ወደ ሞተሩ የሚገቡት ቀጫጭን የአየር ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸውም አብረው ይታያሉ።

ቱቦው ደህና ከሆነ ሶኬቱ ይነቀላል። በሶኬቱ ላይ ከባትሪ የሚመጣ ኤሌክትሪክ መኖሩ፣ የመሬት ሽቦው መያዙ በቴስተር ይለካል። ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ሴንሰር ምን ይበል? ሶኬቱ ተመልሶ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በካቻቢቴ እጀታ ሴንሰሩን ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ የቆየ ግን የሚጠቅም ዘዴ ነው፤ በዚያ ቅጽበት ሞተሩ ከተንተፋተፈ ውስጡ ወይም ሶኬቱ ላላ ማለት ነው። በቶዮታ ሙቅ ሽቦ ሴንሰር የምልክቱ ሽቦ ከ0.2 እስከ 4.9 ቮልት ባለው ውስጥ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ኮምፒውተሩ ፒ0102፣ ሲያልፍ ፒ0103 የሚል ኮድ ይመዘግባል። ነዳጅ እየተጨመረ ሲታይ ቮልቱም ሳይቋረጥ አብሮ መውጣት ይኖርበታል።

ብዙዎች የሚወዱት ፈተና ሌላ ነው፤ ሶኬቱን ነቅሎ ሞተሩን ማስነሳት። ሶኬቱ ሲነቀል ኮምፒውተሩ በግምት መሥራት ይጀምራል። መኪናው ተነቅሎ ከተሻለው ሴንሰሩ ተጠርጣሪ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ መኪና ሴንሰሩ ደህናም ቢሆን ሲነቀል ይጠፋል፤ ስለዚህ ይህ ምስክር እንጂ ፍርድ አይደለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ "ተነቅሎ ተሻለው" ተብሎ እንደተነቀለ እንዲሄድ መተው ነው። መኪናው ይሄዳል፤ በግምት የሚረጨው ቤንዚን ግን በባለቤቱ ኪስ ነው የሚረጨው፤ የዳገት ጉልበቱም ይቀንሳል።

ሴንሰሩ ከተጠረጠረ ከመቀየሩ በፊት ይጸዳል። ለዚሁ የተሠራ የሚረጭ ማጽጃ አለ፤ ዋጋው ከአዲስ ሴንሰር ጋር አይወዳደርም። ተረጭቶ፣ ሳይነካ፣ በራሱ እስኪደርቅ ይተዋል። ብሩሽ፣ ጥጥ፣ የኮምፕሬሰር ንፋስ፣ የካርቡሬተር ማጽጃ፣ ቤንዚን፦ እነዚህ ሁሉ ያቺን ቀጭን ሽቦ ይጎዷታል ወይም ሌላ ቅባት ይተዉባታል። ጋራዥ ውስጥ ደህና የነበረ ሴንሰር በጥርስ ብሩሽ ተፈትጎ መሞቱ የተለመደ ነው።

"በኮምፒውተር ይታይ" የሚለው ንግግር አሁን ወረታም ደርሷል፤ በጎ ነው። ነገር ግን ኮድ ማንበብ ምርመራ ማለት አይደለም። ፒ0171 የሚል ኮድ ሞተሩ ቤንዚን እንዳነሰው ይናገራል እንጂ ማን እንዳሳነሰው አይናገርም። ተመሳሳዩ ማሽን ግን ከኮዱ የበለጠ ነገር ያሳያል፦ ኮምፒውተሩ በየደቂቃው ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ። በሚኒሞ ብዙ እየጨመረ፣ ሞተሩ ሲፈጥን ጭማሪው ከጠፋ ቱቦ ያፈስሳል። በሚኒሞ ደህና ሆኖ በጭነት ጊዜ ጭማሪው ከተቆለለ ኤርፍሎው አሳንሶ እየተናገረ ነው፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል። ይህች አንዲት ንባብ ብቻዋን ስንት ዕቃ ከመቀየር ታድናለች! ከ1996 (እ.ኤ.አ.) በፊት በተሠሩት ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ማሽንም አያስፈልግም። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ሲገናኙ የሞተር መብራቱ እያበራ ኮዱን ይቆጥራል፤ ሦስት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ፋታ፣ አንድ ጊዜ ብልጭ፦ 31። ይህ የአየር መለኪያው ወይም የግፊት ሴንሰሩ ምልክት እንደተቋረጠ ይናገራል።

አሁን ሒሳቡ ይታይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ፣ ከሁሉም በላይ ዕድሜያቸው በገፋው ላይ፣ ከባድ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ገደማ ሆነ። የሦስቱ ድምር ግልጽ ነው፤ ዛሬ ጎዳና ላይ ያለው ኮሮላ የሚተካው ስለሌለ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፤ ለእሱ የሚመጣው ዕቃ ደግሞ በየጊዜው እየተወደደ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ መኪና መግባቱ ጥሩ ነው፤ ለፎገራ ባለመኪና ግን የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የአሮጌ ቤንዚን ሞተር ዓመታት ናቸው። በዚህ ላይ ዕቃው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ነው የሚመጣው። በክልሉ በዘለቀው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋም ቀናት ያልፋሉ። የመጣውም ኦሪጅናል የሚል ካርቶን ውስጥ ያለ ኮፒ ሊሆን ይችላል፤ ከአሮጌው የባሰ ይዋሻል፤ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ከደረሰኙ ግርጌ ይጠብቃል። በግምት የሚደረግ ቅያሪ ድሮ ብክነት ነበር፤ አሁን አቅም የማይፈቅደው ብክነት ሆኗል።

ሰው ክሊኒክ ሲሄድ መጀመሪያ ካርድ ያወጣል፣ ለላቦራቶሪ ይከፍላል፤ ውጤቱ "ጤነኛ ነህ" ቢሆን እንኳ ገንዘቤ ይመለስልኝ አይልም። ጋራዥም ይህን ያህል ክብር ይገባዋል። የምርመራ ዋጋ ከዕቃና ከእጅ ዋጋ ተለይቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የከፈለ ደንበኛ በአንዲት ወረቀት ላይ የተለካውን ይቀበል፦ ቮልቱ ስንት፣ ግራሙ ስንት፣ ቱቦው ምን ሆኖ ተገኘ። ዕቃ ከተቀየረ አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ከቅያሪው በኋላም ያው ንባብ በድጋሚ ይወሰድ። ወረቀት ላይ የሠፈረ ቁጥር ቀጣዩ መካኒክ ከዜሮ እንዳይጀምርም ያግዛል።

ሁለት መቃወሚያ ይመጣል። የመጀመሪያው "ደንበኛ አይከፍልም" የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ለዓመታት "ማየት ነጻ ነው" ሲባል የኖረ ደንበኛ ነገ ክፈል ቢባል ቅር ይለዋል። ነገር ግን ያው ደንበኛ ሳይጠየቅ በየወሩ እየከፈለ ነው፤ ያልተበላሸ ፓምፕ፣ ያልተበላሸ ካንዴላ፣ ያልተበላሸ ሴንሰር ገዝቷል። አንድ ጋራዥ ምርመራውን አስከፍሎ በስድስት ወር ውስጥ "እዚያ ያዩት አይመለስም" የሚል ስም ቢያገኝ፣ ወረታን በምታህል ከተማ ወሬው ለመዳረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ሁለተኛው "መሣሪያ የለንም" የሚለው ነው፤ ይህ ግን ብዙም አያሳምንም። ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ የሚሠሩት በቴስተር፣ በካቻቢቴ፣ በቁራጭ ሽቦና በሁለት እጅ ነው። ስልክ ላይ የሚነበበው ትንሽ መመርመሪያም ከአንድ ሴንሰር ዋጋ አይበልጥም።

የሚጎድለው ሥልጠና ነው፤ እሱም የመካኒኩ የግል ዕዳ አይደለም። ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊቴክኒክ ተቋም የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ያ ተቋም ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ከወረታ እስከዚያ 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ፎገራ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ገበሬውን ከምርምሩ ጋር እንደሚያገናኝ ሁሉ፣ የሙያና ቴክኒክ ኮሌጆችም ለሚሠሩ መካኒኮች በየሳምንቱ ቅዳሜ ሥልጠና ለመክፈት ብዙ አይቸገሩም። ሥልጠናው ስለ ካርቡሬተር ሳይሆን ቴስተር ይዞ ስለ መለካት፣ የማሽን ንባብ ስለ መተርጎም፣ የፎገራን ከፍታ ከመጽሐፉ ቁጥር ስለ መቀነስ ይሁን። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራም መብራትና ፍሬን ካየ በኋላ በሚኒሞ የሚጠፋን መኪና ዝም ብሎ ማሳለፍ የለበትም፤ በወረታ መገንጠያ ላይ የሚጠፋ ሞተር ከማይበራ ፍሬቻ ይልቅ ያስፈራል።

እስከዚያው ድረስ ግን የሚጀምረው ባለመኪናው ነው። መኪናዎ መንገድ ላይ ጠፍቶ ጋራዥ ሲገቡ "ምን ገዝቼ ልምጣ?" ከማለትዎ በፊት "መርምረው ለመንገር ስንት ያስከፍላሉ?" ብለው ይጠይቁ፤ የተባሉትን ይክፈሉ፤ የተለካውንም በወረቀት ተቀብለው ይውጡ።